ከከባድ መኪና ተርቦ የጄት ሞተር መሥራት፦ ከእሳቱ በፊት ዘይቱ

የጄት ሞተር ሦስት ሥራ አለው፦ አየር ይጨምቃል፣ ነዳጅ ያቃጥላል፣ ከትኩሱ ጋዝ ጉልበት ወስዶ መጭመቂያውን መልሶ ያሽከረክራል። የከባድ መኪና ተርቦ፣ ማለትም በጭስ ጉልበት ተሽከርክሮ ለሞተሩ አየር የሚጨምቀው ዕቃ፣ ከሦስቱ ሁለቱን በአንድ ዘንግ ላይ ይዞ ይመጣል። መኪናው ላይ የማቃጠሉን ሥራ የሚሠራው ናፍጣ ሞተሩ ነው። እኛ ሞተሩን አንሥተን በቦታው የብረት ማቃጠያ እናስገባለን፤ ነገሩ ይኸው ነው።

ይህን ሥራ የሚጀምር ሰው ሐሳቡን ሁሉ እሳቱ ላይ ያደርጋል። እሳት ግን ቀላሉ ክፍል ነው። የመጀመሪያዬን ተርቦ ያጣሁት ሞተሩ በሚገባ ሠርቶ ከጠፋ በኋላ ነው። ነዳጁን ዘጋሁ፣ ደስ ብሎኝ የዘይት ፓምፑንም አብሬ አቆምኩ። የጭስ በኩል ያለው ክንፍ ገና ፍም ነበር፤ ሙቀቱ በዘንጉ ተጉዞ ኩሽኔታው ውስጥ የቀረውን ዘይት አክስሎ እንደ ቅጥራን አደረቀው። በማግስቱ ዘንጉ በእጅ አልዞር አለኝ። ስለዚህ ይህ መመሪያ በዘይት ይጀምራል፣ እሳቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል። እናንተም በዚሁ ቅደም ተከተል ብትሠሩ ተርቦአችሁ ይተርፋል።

ከሁሉ በፊት ስለ አደጋው ልናገር። ይህን የሚሞክር ሰው ብየዳና የነዳጅ መስመር የሚያውቅ፣ ቢያንስ አንድ ረዳት ያለው መሆን አለበት። የዚህ መጠን ተርቦ በሙሉ ጉልበቱ በደቂቃ እስከ 100,000 ጊዜ ይዞራል፤ ያን ጊዜ የክንፉ ጫፍ ከድምፅ ፍጥነት በላይ ይሄዳል። ክንፉ ቢሰበር ስባሪው የሚወጣው በሚዞርበት አቅጣጫ፣ ወደ ጎን ነው። ከክንፎቹ ጎን ማንም አይቁም። ከመምጠጫው አፍ ፊትና ከጭስ መውጫው ኋላም እንዲሁ። ሥራው ደጅ፣ ከቤትና ከሣር ርቆ ይሁን፤ የጆሮ መከላከያ፣ መነጽር፣ የጥጥ ልብስ፣ ሁለት የእሳት ማጥፊያ ይዘጋጅ። ይህ በመቆሚያ ላይ ታስሮ የሚሠራ የመማሪያ ሞተር ነው፤ ብስክሌትም ሆነ ጋሪ ላይ አይጫንም።

ተርቦውን መምረጥ

አዲስ አበባ ላለ ሰው ቦታው ሶማሌ ተራ ነው፤ ከሲኖትራክና ከአይሱዙ የወረዱ ተርቦዎች ይገኛሉ። ብረታ ብረቱንና ቱቦውን ምናለሽ ተራ ብትፈልጉ ይቀላል። ተርቦ ስትገዙ አትቸኩሉ። ዘንጉን በጣት ይዛችሁ ወደ ጎን ወዝውዙት። ዘይት የሌለው ደረቅ ተርቦ ትንሽ ይወዘወዛል፣ ይህ ነውር አይደለም፤ ክንፉ ግን ግድግዳውን መንካት የለበትም። ወደ ፊትና ወደ ኋላ ስትገፉት ግን ከተንቀሳቀሰ ተዉት፣ የግፊት ኩሽኔታው አልቋል። በሁለቱም በኩል የክንፎቹን ጠርዝ በባትሪ ብርሃን እያንዳንዱን እዩ። የተጎረደ፣ የታጠፈ ወይም የተሰነጠቀ አንድ ክንፍ ካለ በነፃም ቢሰጧችሁ አትውሰዱ።

በጭስ በኩል የሚንቀሳቀሱ ቅጠሎች ያሉት ዘመናዊ ተርቦ ለዚህ ሥራ አይመችም። ትርፍ ጭስ ማስተንፈሻ በር ያለው ከሆነ በሩን በብየዳ ድፈኑት። የብዙ ከባድ መኪና ተርቦ መግቢያ በመሐል ግድግዳ ለሁለት የተከፈለ ነው፤ ችግር የለውም፣ ማገናኛችሁ ለሁለቱም አፍ እኩል እንዲያደርስ አድርጋችሁ ሥሩት።

ዘይት

ተርቦው ኳስ ያለው ኩሽኔታ የለውም ማለት ይቻላል፤ ዘንጉ የሚንሳፈፈው በቀጭን የዘይት ሽፋን ላይ ነው። ዘይቱ ለጥቂት ሰከንድ ቢቋረጥ ብረት ብረትን ይነካል፣ በዚያ ፍጥነት ደግሞ አንዴ ይበቃል።

የሚያስፈልገው 6 ሊትር ያህል የሚይዝ መተንፈሻ ያለው ታንከር፣ በ12 ቮልት ሞተር የሚዞር የጥርስ ፓምፕ፣ የመኪና ዘይት ፊልትሮና የግፊት ጌጅ ነው። ጌጁ ፓምፑ ሥር ሳይሆን ተርቦው መግቢያ ላይ ይገጠም፤ ፊልትሮው ቢደፈን ፓምፑ ጋ ያለ ጌጅ ግፊቱ ደህና ነው ብሎ ያታልላችኋል። ሞተሩ ሲሠራ ከ2 እስከ 4 ባር ያስፈልጋል። ዘንጉ ቆሞ ሳለ ግን ሙሉ ግፊት አትስጡት። የተርቦ ማሸጊያ እንደ ጎማ ጥብቅ አይደለም፤ ዘይቱን ወደ ውስጥ መልሶ የሚይዘው ከሁለቱ ክንፎች በኩል የሚመጣው የጋዝ ግፊት ነው። ዘንጉ ሳይዞር 4 ባር ከሰጣችሁት ዘይቱ ወደ ጭስ በኩል ይንጠባጠባል፤ ኋላም እሳቱ ሲነሣ ነጭ ጭስ ግቢውን ይሞላዋል። ለማስነሻ 1.5 ባር ይበቃል።

መውጫው ከመግቢያው ይበልጥ ሰዎችን ያሳስታል። ዘይቱ ከተርቦው የሚወጣው በግፊት አይደለም፣ አረፋ ሆኖ በራሱ ክብደት ነው የሚወርደው። የመውጫው ቱቦ ውስጡ 25 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በላይ፣ ወደ ታች ቀጥ ያለ፣ መታጠፊያ የሌለው ይሁን። ታንከሩ ከተርቦው በታች ይቀመጥ፤ ቱቦውም ከዘይቱ ወለል በላይ ይግባ። ተርቦው ራሱ የዘይት መግቢያው ወደ ሰማይ፣ መውጫው ወደ ምድር እንዲያይ አድርጋችሁ እሰሩት። የአየሩና የጭሱ ቤቶች ማሰሪያቸው ሲላላ ስለሚዞሩ ቱቦዎቹን ወደምትፈልጉት አቅጣጫ ማድረግ ይቻላል።

ይህ ሲያልቅ ሌላ ነገር ሳትነኩ ፓምፑን ለ10 ደቂቃ አስነሡት። የሚያንጠባጥብ ካለ አሁን ይታያል። የዘይቱን ሙቀት የሚያሳይ ጌጅም ታንከሩ ላይ አድርጉ፤ 90 ዲግሪ ሲደርስ ሙከራውን ታቆማላችሁ። ረዘም ላለ ሥራ የዘይት ራዲያተር ያስፈልጋል።

ማቃጠያው

ማቃጠያው ሁለት ቱቦ ነው፦ እሳቱ የሚነድበት፣ ቀዳዳ ያለው የውስጥ የእሳት ቱቦና እሱን የሚሸፍነው የውጭ ቱቦ። አሁን ካሊፐር ያዙ። የአየር በኩል ያለውን ክንፍ ከአፉ አይታችሁ የትንሹን ክብ፣ ማለትም አየር መጀመሪያ የሚገባበትን የክንፉን ዲያሜትር ለኩ። የማቃጠያው ልክ ሁሉ ከዚህ ቁጥር ይወጣል። በትርፍ ጊዜያቸው ይህን የሚሠሩ ሰዎች የሚጠቀሙበት የልምድ ቀመር እንዲህ ነው፦ የእሳት ቱቦው ወርድ የዚህ ዲያሜትር 2 እጥፍ፣ ርዝመቱ 6 እጥፍ፣ የቀዳዳዎቹ ስፋት ሲደመር ደግሞ ከመምጠጫው አፍ ስፋት ጋር እኩል።

60 ሚሊ ሜትር ቢሆን እናስላ። የእሳት ቱቦው 120 ሚሊ ሜትር ወርድና 360 ሚሊ ሜትር ርዝመት ይኖረዋል። የአፉ ስፋት 2,827 ካሬ ሚሊ ሜትር ነው። ከዚህ 30 በመቶው እሳቱ በሚነሣበት በመጀመሪያው ሲሶ፣ 20 በመቶው መሐል ላይ፣ 50 በመቶው ወደ ተርባይኑ (በጭስ በኩል ወዳለው ክንፍ) በሚቀርበው ሲሶ ይከፋፈላል። በቁጥር፦ መጀመሪያ ላይ ባለ 6 ሚሊ ሜትር 30 ቀዳዳ፣ መሐል ላይ ባለ 8 ሚሊ ሜትር 11 ቀዳዳ፣ መጨረሻ ላይ ባለ 14 ሚሊ ሜትር 9 ቀዳዳ። የመጨረሻውን ረድፍ ከቱቦው ጫፍ 5 ሴንቲ ሜትር ያህል አርቁት፣ ብርዱና ትኩሱ አየር ተርባይኑ ጋ ሳይደርስ እንዲቀላቀል።

ቀዳዳው እንዲህ የሚከፋፈለው ያለ ምክንያት አይደለም። ነዳጅ በደንብ የሚነደው ለአንድ ኪሎ ነዳጅ 15 ኪሎ አየር ሲያገኝ ነው፤ እንዲህ ያለ እሳት ግን ከ1,900 ዲግሪ በላይ ይሞቃል፣ ተርባይኑንም ያቀልጠዋል። ስለዚህ ጥቂቱ አየር ለማቃጠል፣ የሚበልጠው ለማቀዝቀዝ ይገባል። ጠቅላላው አየር ከነዳጁ 60 እጥፍ ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው ረድፍ ቀዳዳ ትልቅ ከሆነ እሳቱ ይጠፋባችኋል፤ የመጨረሻው ጠባብ ከሆነ ተርባይኑ ይቃጠላል።

የእሳት ቱቦው 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ስቴንለስ ላሜራ ይጠቀለልና በአርጎን ይበየድ። የጣሪያ ቆርቆሮ ፈጽሞ አይሆንም። ቆርቆሮው በዚንክ የተለበጠ ነው፤ ዚንክ በ420 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ሲበየድም ሆነ ሲቃጠል የሚወጣው ጭስ በያጁን ያሳምመዋል። የሚበየደው የውኃ ቱቦም ከሆነ ልባጩን አስቀድማችሁ አስለቅቁት።

የውጭ ቱቦው 3 ሚሊ ሜትር ውፍረትና 150 ሚሊ ሜትር ውስጣዊ ወርድ ያለው ተራ ብረት ይበቃል፤ እንዲህ ሲሆን በሁለቱ መሐል አየር የሚያልፍበት ስፋት ከመምጠጫው አፍ በእጥፍ ይበልጣል። የፊት ክዳኑን በፍላንጅ፣ በስምንት ባለ 8 ሚሊ ሜትር ብሎንና ሙቀት በሚችል ጓርኒሲዮን እሰሩት። 1 ባር ትንሽ ትመስላለች፤ 150 ሚሊ ሜትር ክዳን ላይ ስታርፍ ግን 180 ኪሎ ያህል ትገፋለች። ሁለት ብሎን ይበቃል የሚል ሰው ካለ ይህን ቁጥር ንገሩት።

አየሩ ከተርቦው ወደ ውጭ ቱቦው በጎን በኩል፣ ግድግዳውን ታክኮ እንዲዞር ሆኖ ይግባ። ቀጥ ብሎ ቀዳዳዎቹ ላይ ከመጣ በአንድ በኩል ያለው እሳት ይገፋና የተርባይኑ ግማሽ ብቻ ይሞቃል።

አሁን ብዙ ሰው የሚረሳው ነገር። የእሳት ቱቦውን በሁለቱም ጫፍ አትበይዱት። በ600 ዲግሪ ልዩነት 360 ሚሊ ሜትር ስቴንለስ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይረዝማል። በፊት ክዳኑ በኩል ይታሰር፤ በተርባይኑ በኩል በቀለበት ውስጥ እንደልቡ ይንሸራተት። ሁለቱን ጫፍ የበየደ ሰው ከሁለተኛው ሙከራ በኋላ የተጣመመ ወይም የተሰነጠቀ ቱቦ ያወጣል።

ለማስነሻ አንድ ካንዴላ በመጀመሪያው ሲሶ ውስጥ ግጠሙ፤ ጫፉ የእሳት ቱቦው ውስጥ ይድረስ። ቦቢናና ብልጭታውን ደጋግሞ የሚያቋርጥ ቀላል ሰርኪዩት ይሠራዋል።

ነዳጅ፦ በጋዝ መጀመር፣ በነጭ ጋዝ መቀጠል

ለመጀመሪያ ማቀጣጠል የሲሊንደር ጋዝ የተሻለ ነው፤ ተን ስለሆነ መርጨት አያስፈልገውም። ነገር ግን የወጥ ቤቱ ሬጉሌተር አይሆንም። እሱ የሚሰጠው 0.03 ባር ያህል ነው፣ ማቃጠያችሁ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይበልጠዋል። ከፍተኛ ግፊት የሚሰጥ ሬጉሌተር፣ ለጋዝ የተሠራ ቱቦና መርፌ ቫልቭ ያስፈልጋል። ከዚህ ውጭ ከእጃችሁ የማይርቅ፣ በሩብ ዙር የሚዘጋ አንድ ዋና መዝጊያ ይኑር።

ጋዙ የት ድረስ እንደሚወስዳችሁ አስቀድማችሁ እወቁ። 60 ሚሊ ሜትር ያለው ተርቦ በሰከንድ 0.3 ኪሎ አየር ቢስብ በሰከንድ 5 ግራም፣ በሰዓት 18 ኪሎ ነዳጅ ይፈልጋል። ሲሊንደር ያን ያህል ተን ሲሰጥ ይቀዘቅዛል፣ ውጩ በረዶ ይይዛል፣ ግፊቱም ይወርዳል። ቡቴን የሚባለው የሲሊንደር ጋዝ ደግሞ 15 ዲግሪ ላይ ያለው የተን ግፊት 1.8 ባር ያህል ብቻ ነው፤ በአዲስ አበባ ቀዝቃዛ ጠዋት የውጩ አየር ግፊት ሲቀነስለት ጌጅ ላይ ከ1 ባር ብዙም አያልፍም። ሞተሩ ጉልበት ሲያበጅ ማቃጠያው ውስጥ ያለው ግፊት ያንን ይደርስበታል፣ ጋዙም መግባቱን ያቆማል። ስለዚህ ጋዝ ለማስነሣትና ቀስ ብሎ ለማሠራት ነው። ግፊት እንዲያበጅ ብላችሁ ሲሊንደሩን በእሳትም ሆነ በፈላ ውኃ አታሙቁ።

ጋዙ ላይ ከተለማመዳችሁ በኋላ ነጭ ጋዝ ይመጣል። ያው 5 ግራም በሰከንድ በነጭ ጋዝ 375 ሚሊ ሊትር በደቂቃ ገደማ ነው። በናፍጣ የሚሠራ የዳቦ ምድጃ ላይ ያለው መርጫ ኖዝል ይሆናል፤ እንደ መጠኑ ሁለት ሦስቱን ክዳኑ ላይ መግጠም ይቻላል። ጥሩ ጉም የሚያወጣው ግን 7 ባርና ከዚያ በላይ ሲያገኝ ነው፤ ለዚህ የጥርስ ፓምፕ ያስፈልጋል። ከማቃጠያው ዝቅተኛ ቦታ ላይ ትንሽ ማፍሰሻ ቀዳዳ ከቫልቭ ጋር አድርጉ። የጄት ሞተር ፈልሳፊው ፍራንክ ዊትል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 1937 እንግሊዝ አገር የመጀመሪያ ሞተሩን ሲያስነሣ የነዳጁን ቫልቭ ዘግቶ ሳለ ሞተሩ ራሱን እያፋጠነ ሄዶ አስደንግጦታል፤ ምክንያቱ ውስጡ የተጠራቀመ ነዳጅ ነበር። ማፍሰሻው ለዚህ ነው።

ጌጆቹን ማንበብ

ሦስት ጌጅ ሳይኖር እሳት አይነሣም፦ የዘይት ግፊት፣ የማቃጠያ ግፊትና የጭስ ሙቀት። ለሙቀቱ ኬ የሚባለውን ዓይነት ቴርሞካፕል ከተርባይኑ በኋላ ጭሱ መሐል አስገቡ። ሥራ ላይ ከ650 ዲግሪ በታች ያዙት፤ 700 ከደረሰ ነዳጁን ዝጉ።

ከፍታ ቦታ ላይ የምንሠራ ሰዎች አንድ ተጨማሪ ስሌት አለብን። የባሕር ጠረፍ ላይ የሚሠራ ሰው ጌጁ 1 ባር ሲያሳይ አየሩን በ2 እጥፍ ጨመቅሁ ይላል። አዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች የውጩ አየር ግፊት 0.77 ባር ያህል ነው፤ እዚህ ጌጁ 0.77 ሲያሳይ 2 እጥፍ ሆኗል፣ 1 ባር ሲያሳይ 2.3 እጥፍ ደርሷል። ከሌላ አገር ሰው የተገኘ የግፊት ወሰን እንዳለ ከተከተላችሁ ዘንጉን ከልኩ በላይ ታሽከረክሩታላችሁ። አየሩም አንድ አራተኛ ያህል የሳሳ ስለሆነ ግፊያው፣ ማለትም ሞተሩ የሚገፋበት ኃይል፣ በዚያው መጠን ይቀንሳል። እኔ እዚህ ከ0.75 ባር አላልፍም፤ በቤት ለተሠራ ሞተር ይህ በቂ ነው።

ማስነሣት

መጀመሪያ ያለ እሳት። ዘይቱን 1.5 ባር አድርጉ፣ በመምጠጫው አፍ በኤሌክትሪክ ብሎወር ንፉ። ዘንጉ ያለ መፋቅ ድምፅ መዞር፣ ብሎወሩ ሲነሣም ቀስ እያለ መቆም አለበት። ቶሎ ቀጥ ካለ የሚነካው ነገር አለ።

ከዚያ በኋላ ቅደም ተከተሉ ይኸው ነው፣ አንዱንም አታዘዋውሩ፦ ዘይት፣ ብሎወር፣ ብልጭታ፣ በመጨረሻ ጋዝ። ጋዙን በመርፌ ቫልቩ በጣም በጥቂቱ ክፈቱ። በ5 ሰከንድ ውስጥ ድብ የሚል ድምፅ ካልሰማችሁና ሙቀቱ ካልጨመረ ጋዙን ዝጉ፣ ብልጭታውን አጥፉ፣ ለአንድ ደቂቃ ሙሉ በብሎወር አጽዱት። ያልነደደ ጋዝ ላይ ብልጭታ መድገም ፍንዳታ ነው።

ሲነድ ብሎወሩን ሳታነሡ ጋዙን ቀስ በቀስ ጨምሩ። ሙቀቱ መጀመሪያ ሽቅብ ይወጣል፣ ፍጥነቱ ሲከተለው ደግሞ ይወርዳል። ሙቀት እየወጣ ፍጥነት የማይጨምር ከሆነ አየር አንሶታል ማለት ነው፤ ጋዝ አትጨምሩ፣ ይልቅ ቀንሱ። የማቃጠያው ግፊት 0.2 ወይም 0.3 ባር ሲደርስ ድምፁ ከጉርምርምታ ወደ ጠራ ፉጨት ይለወጣል። ያን ጊዜ ብሎወሩን አንሡ። ሞተሩ ራሱን ችሏል። ያንን ፉጨት መጀመሪያ የሰማሁ ቀን እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። ዘይቱን ወደ 3 ባር ከፍ አድርጉና በመምጠጫው አፍ ላይ ጠንካራ የሽቦ ወንፊት ግጠሙ፤ አንዲት ዳዶ ብትገባ ክንፉ አለቀ።

የመጀመሪያው ሩጫ ከ2 ደቂቃ አይብለጥ። የጭስ መውጫ ሾጣጣውም አሁን አይገጠም፤ ሞተሩ ያለሱ በደንብ ከሠራ በኋላ ከተርባይኑ መውጫ ጋር እኩል አፍ ያለው ሾጣጣ ጀምራችሁ በ2 በ3 ሚሊ ሜትር እያጠበባችሁ ትሞክራላችሁ። ሲጠብ ግፊያው ይጨምራል፣ ሙቀቱም አብሮ ይወጣል፤ የት እንደምትቆሙ ቴርሞካፕሉ ይነግራችኋል። በሰከንድ 0.3 ኪሎ አየር በሰከንድ 350 ሜትር ቢወጣ ግፊያው 105 ኒውተን፣ ማለትም 10 ኪሎ ተኩል ያህል ነው። በከፍታችን ከዚህ ያነሰ ጠብቁ። መቆሚያውን በሐዲድ ላይ አድርጋችሁ በሚዛን ብትለኩት ትክክለኛውን ታገኛላችሁ።

ማጥፋት

ነዳጁን ዝጉ። ፓምፑን አትንኩ። የዘይቱን ግፊት ወደ 1.5 ባር መልሱ፣ ወንፊቱን ሳታነሡ ብሎወሩን አፉ ላይ አድርጋችሁ ንፉ፣ የጭሱ ሙቀት ከ100 ዲግሪ በታች እስኪወርድ ጠብቁ። ባትሪ ሊያልቅ ይችላልና ለፓምፑ ብቻ የሚሆን ሁለተኛ ባትሪ አዘጋጁ።

ሲቀዘቅዝ ክዳኑን ፍቱና የእሳት ቱቦውን አውጡ። ስቴንለስ የደረሰበትን ሙቀት በቀለሙ ያሳያል፤ ሰማያዊና ቡናማው በዙሪያው እኩል ከሆነ እሳቱ መሐል ይዟል። አንድ ጎን ብቻ ከጠቆረ ወይም ካበጠ የአየሩን መግቢያ አቅጣጫ አስተካክሉ። ጥላሸት ከበዛ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ ሁለት ሦስት ቀዳዳ ጨምሩ። ዘይቱን በነጭ ጨርቅ አጣርታችሁ ብልጭ የሚል የነሐስ ብናኝ ፈልጉበት፤ ካገኛችሁ ኩሽኔታው እየተበላ ነውና ተርቦው ሳይፈታ እንደገና አይነሣም።